ግማሽ ንቅሳት

ብቸና፣ ግንቦት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአመተ ሥላሴ፣ ሞጣ ጤና ጣቢያ።

ሰላምታውን ኋላ አደርሰዋለሁ፤ አስቀድሜ የይርጋነሽን ልንገርሽ። ለሥራ ወደ ሞጣ ስታልፊ እኔ ዘንድ ባደርሽ ጊዜ፣ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ያለችው ጎረቤቴ ናት። ወገቧን ይዟት ከፋሲካ ወዲህ ተኝታ ከረመች። ጠበል ተጠምቃ ተሽሏታል፤ ተሽሏታል የምልሽ መሳደብ ስለጀመረች ነው። ልጇ ወንድ ወልዳ በዚህ ሳምንት ክርስትና ተነሣ፤ አካለ ወልድ ተባለ። አማቶቿ በድግሱ ላይ «ጠላው ቀጠነ» ቢሉ፣ ይርጋነሽ ከአልጋዋ ሳትነሣ «ጠላው አልቀጠነም፤ ጉሮሯችሁ ሰፍቶ ነው» አለቻቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ከረምሽ፣ ዓይኔ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ሞጣ እንዴት ይዞሻል? ሰው ሁሉ የእናትሽ አገር ብቸና ነው ይላል። የትዳሯ አገር ግን ሞጣ ነው። እህቴ አንጓች አባትሽን አግብታ የኖረችው፣ አንቺን የወለደችው፣ የተቀበረችውም እዚያ ነው። አባትሽ ጥርስ ሳታበቅዪ ይዞሽ ዓባይን ተሻገረ፤ እኔ ጉልበቴን አቅፌ ቀረሁ። ይኼን ለወቀሳ አልጻፍሁትም፤ የእሱንም ነፍስ ይማር። ብቻ እግዜር የጤና ድሬሰር አድርጎ እናትሽ ውሃ በቀዳችበት አገር የጣለሽ በከንቱ አይደለም እላለሁ።

የሞጣ ብርድ ክፉ ነውና ጋቢ ልኬልሻለሁ። የሚያደርስልሽ ነጋዴው ሰይድ ነው፤ በገበያ ቀን ካሚዮኑ ይመጣል። አባቱ ሐምዱ ከአያትሽ ጋር ወዳጅ ነበሩ፤ እመኚው።

አንዲት ነገር ላስቸግርሽ። ይርጋነሽ ዓይኗም ደከም ብሏታል። ጠብታ ቢጤ ካለ ላኪልን።

አክስትሽ ፈንታነሽ


ሞጣ፣ ሰኔ 8 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ፈንታነሽ፣ ብቸና።

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይለይ። ጋቢው ደረሰኝ፤ ለብሼው ነው የምጽፈው። ጠብታ አልቆብናል፤ ለእመት ይርጋነሽ የዓይን ቅባት ልኬያለሁ፣ ማታ ማታ ይቀቡት።

እትዬ፣ ባለፈው እሑድ አንድ ነገር አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የላይ ሰፈሯ ኪዳነ ምሕረት ጣራዋ ቆርቆሮ ሲሆን ግድግዳዋም እንደ አዲስ ተስሎ ነበር። ሸማ ላይ ተስለው የተለጠፉት አሮጌ ሥዕሎች ተላቀው፣ ተጠቅልለው ዕቃ ቤት ገቡ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ካህናቱን ለምነው አውጥተው፣ በትምህርት ቤቱ አሮጌ ክፍል ሰቅለዋቸዋል። በሩ ላይ በኖራ «ሙዚየም፤ መግቢያው በነፃ» ይላል።

ምሳዬን በልቼ፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ ዘው ብዬ ገባሁ። ሙዚየም አዲስ አበባም አይቻለሁ፤ ምን ይኖራል ብዬ ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ቀዩና ቢጫው ከራሱ ብርሃን የሚያወጣ ይመስላል። ጻድቃኑ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያሉ፤ ክፉዎቹ ፊታቸውን አዙረው ባንድ ዓይን ብቻ። የትም ጥግ ብቆም ጻድቃኑ እኔን ያያሉ። «ለምን መጣሽ?» የሚሉ አይደሉም፤ «ቆየሽ» የሚሉ ይመስላሉ።

እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው ከቆሙበት ሥዕል ግርጌ አንዲት ሴት ተደፍታለች። እጆቿን ዘርግታለች፤ ፊቷን ግን ወደ እኛ መልሳለች። ከሥሯ «እንዘ ትትማኅፀን ወለተ»፣ ወለተ እገሌ ስትማፀን ማለት ነው፣ ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስም የጧፍ ጢስ በልቶታል። ሥዕሎቹን ያስረከቡት አባ ገብረ ሕይወት «ስሟን ረሳሁት፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ነበረች፣ ከብቸና የመጣች፤ ለስለቷ ያሣለችው ነው» አሉኝ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ግን ያኔ ከብቸና ሚስት ያመጡ ጸሐፊዎች ብዙ ነበሩ ይላሉ።

እትዬ፣ የእናቴ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም። ልጅ ሳለሁ መስታወት ፊት ቆሜ የአባቴን አፍንጫ፣ የአባቴን ግንባር እቀንስና፣ የተረፈውን «እሷ ናት» እል ነበር። እባክዎ የክርስትና ስሟን ይጻፉልኝ። ወለተ ማን ነበረች? ሴትየዋ አንገቷ ላይ በቀኝ በኩል ንቅሳት አላት፤ በግራ በኩል ቀለሙ ረግፏል መሰለኝ።

ልጅዎ አመተ ሥላሴ


ብቸና፣ ነሐሴ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተ ሥላሴ።

በሰኔ የጻፍሽው ለፍልሰታ ደረሰኝ። ካሚዮኑ ጭቃ ውጦት፣ ሰይድ ዕቃውን በአህያ እያመላለሰ ነው። እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ።

አንቺ ልጅ፣ በጫማ ገባሽ? በልተሽ? ኧረ ምን ጉድ ነው! አዲስ አበባ ያሳደገሽ ሰው ይኼን አልነገረሽም? ቤቱ የትምህርት ቤት ይሁን የእህል ጎተራ፣ እመቤታችን የተሰቀለችበት ግድግዳ ግድግዳ ብቻ አይደለም። ንስሐ አባት ያዢ፤ ሌላ አልልም።

አሁን የምልሽን በጥንቃቄ አድርጊ። ሂጂና ከዚያች ሴት አጠገብ ቁሚ፤ አትንኪያት። የግራውን አንገቷን እዪ። ቀለም ረግፎ እንደሆነ ሸማው ይታያል። ከመጀመሪያም ያልተነቀሰች አድርጎ ሠዓሊው ስሏት እንደሆነ ግን የገላዋ ቀለም በቦታው አለ። የቱ ነው? ለምን ጠየቅሽኝ አትበዪኝ። ደብዳቤሽን ይርጋነሽ ስታነብልኝ እዚያ ላይ ስትደርስ አስቁሜያት ወደ ጓዳ ገባሁ።

የክርስትና ስሟን ግን አልጽፍም። የክርስትና ስም በካሚዮን አይላክም፣ ልጄ። ይኼ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ስንት ሰው ያገላብጠዋል? በጎጃም ደግሞ ድንጋይ ብትወረውሪ ደብተራ ትመቻለሽ። «የሞተችውን ምን ያደርጓታል?» ትዪ ይሆናል። አንቺ አለሽ፤ በእናት ስም ልጅ ይጠቃል። ሕይወቷን ሙሉ ከእናታችን፣ ከንስሐ አባቷና ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው አልሰማሁም፤ ሁለቱ ሞተዋል። መንገዱ ሲደርቅ ራሴ መጥቼ፣ አይቼ፣ እሷ ከሆነች በጆሮሽ እነግርሻለሁ። እሷ ካልሆነች የሰው ሴት ስም ይዘሽ አታልቅሺ።

ቅባቱ ይርጋነሽን አልረዳትም። ኩራዙን ስታይ ዙሪያውን ቀስተ ደመና ይዞራታል ትላለች። መርፌም በዳሰሳ ነው የምትሰካ። የሚበረታ ነገር ካለ ላኪላት፤ እባክሽ፣ ለእኔ ብለሽ።

አክስትሽ


ሞጣ፣ መስከረም 24 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፈንታነሽ።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ለመስቀል እዚያ ብሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።

እንዳዘዙኝ ሄድሁ። በዚህ ጊዜ ጫማዬን አወለቅሁ፤ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ «አንቺም?» ብለው ሣቁብኝ። ለካ የሰፈሩ ሴቶች ክፍሉን ቤተ መቅደስ አድርገውባቸዋል። ጧፍ ስለሚያበሩ «እሳት ክልክል ነው» ብለው ለጠፉ፤ ሴቶቹ ደጅ ያበሩ ጀመር። አንዷ የስለት ጃንጥላ አምጥታ ጥግ አቁማለች። ዲሬክተሩ «በነፃ ነው ስላቸው ይቆጣሉ፤ ባዶ እጃችንን እንድንገባ ነው? ይሉኛል» ብለው ያለቅሳሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አየኋቸው፣ ጃንጥላውን አልነኩትም።

የግራ አንገቷን አየሁ። ሸማው አይታይም፤ የገላዋ ቀለም ሙሉ ነው። ከመጀመሪያም እዚያ ንቅሳት አልተሣለም። ምን ማለት ነው? ከእርስዎ በቀር የሚነግረኝ የለም።

አሁን እኔም ልጠይቅዎ። ሰይድን «እመት ይርጋነሽ እንዴት ናቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሷማ ከወንዝ ማዶ የዶሮዋን ቀለም ለይታ ሌባውን በስሙ ትሳደባለች» አለኝ። የእርስዎ ፊደል ግን በግንቦት መስመሩን ይዞ ነበር፤ በነሐሴ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ደብዳቤዬንም ያነበቡልዎ እመት ይርጋነሽ ራሳቸው ናቸው። እትዬ፣ ቅባቱን ለማን ነው የምልከው?

የዓይን ሞራ ከሆነ ቅባት አይረዳውም። አዲስ አበባ ሐኪም ይገፍፈዋል፤ ብዙ ሰው ድኗል። አይፍሩ። ብቻ ቶሎ ይምጡ። በቅርቡ ለፈንጣጣ ክትባት ገጠር ያወርዱናል፤ ቀኑን ገና አልነገሩንም።

ልጅዎ አመተ ሥላሴ


ብቸና፣ ኅዳር 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ለአመተ ሥላሴ፤ በሰይድ ሚስት በጀዋሂር እጅ።

ፊደሉ ቢተልቅብሽ አትሳቂ፤ መደበቁን ትቻለሁ። ይርጋነሽ ዓይኗ ጤና ነው። በእሷ ስም መለመኔን ሰምታ «እንግዲህ በወገቤም ለምኚበት» ብላኛለች። ለምን ደበቅሽኝ ትዪኛለሽ። በምድር ላይ የአንጓችን አንገት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ የምስክሯ ዓይን ጠፋ ከተባለ ማን ያምናል ብዬ ነው።

መጥቼ አጣሁሽ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ «ለክትባት ወርደዋል፤ ወሩ ሳያልቅ አይመለሱም» አለኝ። የሰይድ ሚስት ጀዋሂር ቤቷ ወሰደችኝ። እንደ ጭልፊት የምታይ ሴት ናት፤ አፏም አያርፍ። «ልጅሽ ብትሄድ ግድግዳው አልሄደም፤ ነይ እናሳይሽ» ብላ ሳላርፍ ይዛኝ ወጣች።

ደጁ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ፤ እግሬን ላነሣ ስል ቆምሁ። ለካ ካሚዮኑ ላይ ቆሎ በልቻለሁ!

ዲሬክተሩ ከውስጥ፣ «ይግቡ እንጂ እናቴ! በነፃ ነው» አሉ።

«አልገባም፤ በልቻለሁ።»

«እናቴ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም ነው። በልቶም ይገባል።»

«እመቤታችን እዚህ የለችም?»

«ሥዕሏ አለ።»

«ከሌለች ምን ላደርግ መጣሁ? ካለች ደግሞ ቆሎ ቆርጥሜ አልገባባትም።»

ሰውየው ራሳቸውን አከኩ። ጀዋሂር «ይተዉዋት ጋሼ፤ የብቸና ሰው ናት፤ ከቆመች ቆመች ነው» አለቻቸው። ሰይድም ሰምቶ መጣና «ካሚዮኑ ነገ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ይኼ ካመለጠሽ እስከሚመጣው ገበያ መኪና የለም» አለኝ። «ይነሣ» አልሁት። ይኼን ሁሉ ዘመን ጠብቄ፣ አንድ ቀን አጥቼ ልመለስ?

በማግሥቱ አፌን በውሃ እንኳ ሳልነካ ሄድን። ጀዋሂር ከደጁ ላይ፣ «ቤተ ክርስቲያን ቢሆን እዚሁ እጠብቅሽ ነበር፤ ልጆቼ የተማሩበት ክፍል ከሆነ ግን እገባለሁ» ብላ እጄን ያዘች። ለእሷ ክፍል፣ ለእኔ መቅደስ፤ አንዳችንም አልዋሸንም። እንዲህ ያለ ቤት በዕድሜዬ ገብቼ አላውቅም።

ገባሁ። ቀይ አየሁ። ቢጫ አየሁ። በጉም ውስጥ እንዳለ የአደይ ሜዳ ከላይ እስከ ታች በራብኝ። ፊት ግን የለም፤ አንድም ፊት አልያዝ አለኝ። ቀርቤ ባየው ባሰ። ያኔ «ጀዋሂር፣ ዓይኔ አይሠራም» አልሁ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

አልደነገጠችም። «እንግዲያው እኔ የማየውን ልንገርሽ፤ አንቺ ማን እንደሆነ ንገሪኝ» አለች። እንዲህ ሆንን፣ ልጄ፦ እሷ ታያለች፣ እኔ አውቃለሁ።

«ሁለት ባለክንፍ ጎረምሶች ሰይፍ መዘዋል፤ አልተቆጡም ግን።»

«ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው።»

«እዚህ ደግሞ ሚዛን አለ። ባንዱ በኩል የሙታን ክምር፤ በሌላው ጥርኝ ውሃ ብቻ። አንዲት ሴት ጥላዋን ጥላበት ውሃው ወርዷል። ኧረ ይቺ ሴት ሚዛን አጋደለች!»

«በላዔ ሰብ ነው። ሰው እየበላ የኖረ ክፉ፤ አንድ ቀን ግን በእመቤታችን ስም ለለመነው ሰው ጥርኝ ውሃ አጠጣ። ለዚያች ውሃ ብላ ነው ጥላዋን የጣለችለት።»

ጀዋሂር «አላህ ያውቃል፣ ደስ የሚል ማጋደል ነው። ብቻ ሰይድ እንዳያየው፤ በኛ ሱቅ ይጀምረዋል» አለች። እንባዬም ሣቄም አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ ግርጌው ደረሰች። «አንዲት ሴት ተደፍታለች» አለች፤ ድምፅዋ ቀነሰ።

«አንገቷን እዪልኝ።»

«በቀኝ ንቅሳት አለው።»

«ወደ ግራ ሂጂ።»

«በግራ የለም። መሐል ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ተቋርጧል። ሠዓሊው ሳይጨርስ ሄዷል።»

«ሠዓሊው አልሄደም» አልሁ። «የሄደችው እሷ ናት» ብዬ በግንባሬ ተደፋሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከአንጓች እኩል ወለሉ ላይ ተደፍቼ፣ እሷ እዚያ እኔ እዚህ፣ ከላያችን ያ ሁሉ ብርሃን። እንኳን ዓይኔን፣ ስሜንም ረስቼ ነበር።

አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እናትሽ ልትዳር ስትል ነቃሿ መጣች። ሴት አንገቷ ካልተነቀሰ ማን ሙሽራ ይላታል? የቀኙን በእሾህ ወግታ ጥላሸት ቀብታ ጨረሰች፤ ወደ ግራ ስትዞር አንጓች ብድግ ብላ የአባታችን ገብስ ውስጥ ገባች። ስንፈልጋት መሸ። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም እንቢ አለች። በግማሽ አንገት ተዳረች። አማቶቿ «ግማሿ» ይሏት ነበር፤ እሷም «የቀረው ግማሽ የራሴ ነው» ትላቸው ነበር። የሞጣ ሰው የማይነግርሽን ነው የነገርሁሽ፤ ነጠላ ስለምትከናነብ ከቤተ ሰብ በቀር ያየው የለም።

ስለዚህ ልጄ፣ እሷ ናት። ስለቷም አንቺ ነሽ፤ ልጅ አጥታ «ከሰጠሽኝ እግርሽ ሥር እሣላለሁ» ማለቷን በወለደችሽ ሰሞን ልካልኛለች። መሣሏን ግን አላውቅም ነበር፤ ሳትነግረኝ ሞተች።

አንድ ነገር ግን እንዳልዋሽሽ። ፊቷ የእሷ አይደለም። ጀዋሂርን «ፊቷ ምን ይመስላል?» ብላት «እንደ ሌሎቹ ነው፤ ሁሉም እህትማማች ይመስላሉ» አለችኝ። ሠዓሊ ለደጋግ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ያንኑ ፊት ነው፤ ሁለት ዓይን ሰጥቶ ከጻድቃን ጋር ቆጥሯታል፣ ይበቃል። አንገቷ ግን የእሷ ነው። አስቢው፤ ሠዓሊ ደግ ነው፣ የሰው ጉድለት አይቶ ይሞላል። ይኼን ያልሞላው እሷ «አትሙላው» ብላው መሆን አለበት። በእመቤታችን ፊት ያልሆንሁትን መስዬ አልደፋም ብላ። ስለዚህ መስታወት ፊት ቆመሽ የአባትሽን ፊት መቀነሱን ተዪ። እናትሽን የምትፈልጊ ከሆነ «እንቢ» ስትዪ ራስሽን ስሚ። ጀዋሂር ስለ አንቺ ስትነግረኝ፣ ከክትባት የደበቁትን ልጅ አባቱ ቢያስፈራራሽ ደጁ ላይ ተቀምጠሽ አልነሣም አልሽ አሉ። እኔ ወዲያው ገብሱ ትዝ አለኝ።

እስከሚመጣው ገበያ ጀዋሂር ቤት ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ሳልቀምስ እሄዳለሁ፤ ዲሬክተሩ መጨረሻ ላይ ከደወል በፊት በሩን ከፍተው ይጠብቁኝ ጀመር። በመጨረሻው ቀን ጫማቸውን አውልቀው አየሁ፤ ጀዋሂር ናት ያየችው፤ «ወለሉ ቀዝቃዛ ነው አይደል?» ብላ አሳፈረቻቸው።

ለዓይኔም እሺ ብዬሻለሁ። ጥምቀት ሲያልፍ አብረሽኝ ዓባይን ተሻገሪ። ዓይኖቼ ቢያዩልኝ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው፤ ባያዩልኝም አይቻታለሁ።

የክርስትና ስሟን አሁንም አልጽፍም። ይዤው መመለስ ግን አልቻልሁም፤ ከሞትሁ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ሳልሄድ በጀዋሂር ጆሮ ነገርኋት። እስላም ናት፣ ደብተራ ዘመድ የላት፣ ማን ብሎ ይጠይቃታል? ሰምታ ሦስቴ ደግማ አሰማችኝ፤ አልሳተችም። ስትመለሺ በጠዋት ወደ ጀዋሂር ሂጂና ስሙን ተቀበያት። ከዚያ ሥዕሉ ሥር ቆመሽ፣ ጢሱ የበላውን ቦታ በአፍሽ ሙዪው።

ይኼን ስጽፍ ይርጋነሽ ገብታ «እህሳ፣ ዓይነ ስውሯ፣ ምን አየሽ?» አለችኝ። «አንጓችን» አልኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና «ገብስ ውስጥ የደበቅኋት እኔ ነኝ እኮ» አለች።

ሰይድም አሁን ደብዳቤውን ሊወስድ መጥቶ ደጅ ቆሟል። «ኧረ ፈንታነሽ፣ ሚስቴን ምን አደረግሻት?» ይላል። «ሻሿን በጆሮዋ ላይ አጥብቃ አስራ ነው የምትውል። ምን ነገረችሽ ብዬ ብለምን፣ ‘የሰው አደራ ነው፤ የአደራው ባለቤት ገጠር ወርዳለች፤ መጥታ ትወስዳለች’ አለችኝ።»